ሥልባቦት የያዘው ኩባያ

መምህር መኳንንት የሞቱት በ1995 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ረቡዕ ዕለት፣ በገዛ እጃቸው በሠሩት ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ነው። ከፊታቸው ግማሽ ድረስ የጎደለ የቆርቆሮ ኩባያ፣ አጠገቡም ተከፍቶ የተተወ ደብተር ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጌታነሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ አንዲት አራስ ጠይቀው ቤት የደረሱት ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጩኸታቸው እስከ ሞላሌ ከተማ ገበያ ድረስ ተሰማ።

ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ከደብረ ብርሃን የደረሰችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞባታል። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያህል ያሳለፈችው የሌላ ሰው ሬሳ አጠገብ ቆማ ነው። ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት ደግሞ በውኃና በግጦሽ ጠብ የተነሣ የሚሞተው ሰው ስለበዛ፣ አዲስ ሟች በተነገራት ቁጥር መጀመሪያ የሚሰማት ድካም ነበር። በዚህም ራሷን ትታዘባለች።

«ማንም አልነካም?» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ሬሳውን ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስድ ብቻ ነው የገባነው። ከዚያ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትሁት» አለ የከተማው ፖሊስ ሳጅን ጫኔ። «የጤና ጣቢያው ሰው የነቀዝ መድኃኒት ነው ብሏል። ኩባያውም ያንኑ ይሸታል።»

ክፍሉ የመምህሩ መሥሪያ ቤት ነበር። ወንፊት፣ ሚዛን፣ የተጠቀለሉ የወረቀት ከረጢቶች ተደርድረዋል። መምህር መኳንንት ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስቡት፦ በውኃ ሲበጠበጥ የማይጓጉል በሶ። ገብሱን ቆልተው አስፈጩ፤ ዱቄቱን በእንፋሎት አበሰሉ፤ አድርቀው ሁለተኛ አስፈጩ። ስኳር ጨመሩ። ለጾም ሱፍ፣ ለፍስክ የወተት ዱቄት እየቀላቀሉ ሁለት ዓይነት አደረጉት፤ ስሙንም «አለኝታ» አሉት። ድርቁ ሲመጣ የከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕፃናት በየቀኑ የሚበሉት እሱን ሆነ።

«ሰዉ ምን ይላል?» አለች ወሰንየለሽ።

«ዱቄቱ ገደላቸው ነው የሚለው። ቀድሞም ይታማ ነበር። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሦስት ልጆች እግራቸው ተሳስሮ በዱላ ነው የሚሄዱት።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥምቀት ወዲህ መሰለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ኩባያው ጎንበስ አለች። የቀዘቀዘው መጠጥ ላይ የተጨማደደ ስስ ነገር ሰፍሯል። በክብሪት እንጨት ጫፉን ይዛ አነሣችው።

«ይህ ምንድን ነው፣ ጫኔ?»

«ሥልባቦት ነዋ። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ የሚይዘው።»

«እኮ» አለች።

ጥግ ላይ ወዳለው ምድጃ ሄደች። አመዱ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን የድመት ዱካ የታተመበት ነው፤ ቢያንስ ከማክሰኞ ወዲህ እሳት አልነደደበትም። ወንበሩ ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ጋቢ ገለጠች። ጫፉ ላይ ቡናማ ፍንጣሪ እንደ ሙጫ ደርቆ ተጣብቋል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ተልባ ነው። መጨረሻ ላይ ደብተሩን አነበበች። በጥንቃቄ በተጻፈ የመምህር እጅ ጽሑፍ ሦስት መስመር ሰፍሯል፦

«የወፍጮ ቤቱ ገብስ፦ ንጹሕ። የቤት ዱቄት፦ ንጹሕ። ሦስተኛው፦ ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።»

*

ወይዘሮ ጌታነሽ ከለቀስተኛው ተለይተው ጓዳ ተቀምጠዋል። መቀነታቸው ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ታስራለች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ ወይዘሮ ጌታነሽ። በዚህ ሰዓት መጠየቄን ይቅር ይበሉኝ።»

«ጠይቂኝ፣ እኅቴ። ለቅሶውስ የትም አይሄድ።»

«ትናንት ምን ሊበሉ ነበር?»

«ከአለኝታው ቂጣ ጋግሬ፣ በሱፍ ፈትፍቼ፣ ከድኜ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድሁት። ጉልበቱን ስለሚያመው እሱ ቀረ። የዘጠኝ ሰዓቱን ደወል ሲሰማ ሊበላ ነበር። ሳይነካ አገኘሁት።»

«ቤት ውስጥ ተልባ አለ?»

«ተልባ?» ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ካለቀ ከረመ። ዘንድሮ ከየት ይመጣል? እሱ ግን ሲወደው! ለጨጓራው ነበር የሚጠጣው።»

«ያ ቁልፍስ?»

«የፍስኩ ሣጥን ነው። ወተት ያለበት አለኝታ ከቅበላ እስከ ፋሲካ ይቆለፋል። ራሱ ነው ያስለመደኝ። ‹እጄ ቅምሻ ለምዷል፤ ሳላስብ አፌ ውስጥ ከትቼው ጾሜን እንዳልገድፍ› ይላል። በልጅነቱ ዲያቆን ነበረ።»

«ትምህርት ቤቱስ የሚወስደው የትኛውን ነው?»

«የፍስኩን። ድርቁን አይተው ካህናቱ ሕፃናቱ አይጹሙ አሉ። እስከ ፋሲካ የሚበቃቸውን በቅበላ ሳምንት አስረከብናቸው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ሣጥኑን ከፍተው አሳዩዋት። ከረጢቶቹ እንደታሰሩ ናቸው። የክዳኑን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉና እዚያው ቁጢጥ አሉ።

«እሱ መጠጥ ነው ያለው። በጥብጦ መጠጣት ብቻ። ገንፎ ይሆናል፣ ቂጣ ይሆናል፣ ሾርባ ያወፍራል ብዬ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ስንቱን ድስት አሳርሬ! እየሳቀ ‹አንቺ ባትኖሪ ዱቄት ሆኖ ይቀር ነበር› አለኝ። አሁን በዚሁ ሞተ ይሉኛል?»

«እኔ አላልሁም» አለች ወሰንየለሽ። «ሰሞኑን ያስጨነቃቸው ነገር ነበር?»

«እንቅልፍ አልነበረውም። ከትምህርት ቤቱ ደጅ አንዲት ልጅ በዱላ ስትሄድ አይቶ ነው። ሰኞ ዕለት ‹ጌታነሽ፣ ዱቄቴ ውስጥ የማላውቀው ነገር ገብቷል› አለኝ። ማን አስገባው ብለው አልነግርሽም አለ። ‹ሳላረጋግጥ የሰው ስም አላነሣም።›»

*

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ባምላኩ ዱቄት የለበሱ፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ገብሱን የሚገዙትም የሚፈጩትም እሳቸው ናቸው።

«ሰኞ ዕለት ከመምህሩ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለች ወሰንየለሽ።

«ተጣላን! ባዕድ ነገር ጨምረሃል ብሎ ወፍጮዬን እንደ ሌባ ቤት በረበረው። ቢያጣ ጊዜ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። ታርቀናል።»

«ትናንት ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ወፍጮው ጸጥ ብሎ ነበር። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። የት ነበሩ?»

ሰውዬው ቀበቷቸውን ነካኩ። «ናፍጣ አልቆብኝ ነው።»

«በርሜሉን አየሁት፤ ግማሽ ድረስ አለ። አቶ ባምላኩ፣ እኔ ደክሞኛል፤ እርስዎም ደክሞዎታል። ውሸት ሁለታችንንም የበለጠ ያደክመናል።»

ሰውዬው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታነሽ እንዳትሰማ» አሉ። «ገበያው አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ጓሮ ነበርሁ። ጨጓራዬ አላስቆም አለኝና... ዘጠኝ ሳይሞላ በላሁ። እንቁላል ነው የበላሁት። በሁዳዴ! የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን እላለሁ?»

ወሰንየለሽ ልትስቅ ፈልጋ ሳቁ አልመጣ አላት። የምግብ ቤቷ ባለቤት ስትጠየቅ ግን ነገሩ እውነት ሆነ፤ እንቁላሉን በልተው እዚያው አግዳሚ ላይ እስከ ዐሥር ሰዓት ተኝተዋል።

*

በትምህርት ቤቱ የቤት አያያዝ የምታስተምረውና የሕፃናቱን ምግብ የምታበስለው መምህርት ሰርካለም ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ የዐይኖቿ ሥር ጠቁሯል። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ በሁለት እጇ ትልቅ ድስት ታማስል ነበር። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ አጥሩ ድረስ ደርሷል። ከሰልፉ መጨረሻ ትህትና የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ በእግር ጣቷ እየረገጠች፣ ጉልበቷ እርስ በርሱ እየተጋጨ፣ በዱላ ትመጣለች።

«ስንት ናቸው?» አለች ወሰንየለሽ።

«መስከረም ላይ ስድሳ ነበሩ። አሁን መቶ አርባ ደርሰዋል። ከየገጠሩ ነው የሚመጡት። ለትምህርት መስሎሽ?» አለች ሰርካለም ሳታቋርጥ። ወዲያው ደንግጣ አስተካከለች። «ይቅርታ፣ መስሎዎት?»

«ግዴለም። ዱቄቱ ይበቃል?»

«ይበቃል። እንዲበቃ አደርገዋለሁ።»

«መምህር መኳንንትን መቼ አየሻቸው?»

«እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ። ትናንት ከዚህ አልወጣሁም። ምስኪን ሰው ናቸው... ዱቄቱ ግን ችግር እንዳለበት ከጠረጠርሁ ቆይቷል። ልጆቹን እያየሻቸው ነው።»

«ከጠረጠርሽ ለምን ታበስይዋለሽ?»

ማማሰያው ቆመ። «ሌላ ምን አለ?» አለች ሰርካለም።

ወሰንየለሽ ከድስቱ ራቅ አለች። ግድግዳው ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሙቅ ውኃ ለመነች። ሰርካለም መደርደሪያ ላይ ካለ ቀይ ፔርሙስ በብርጭቆ ቀዳችላት። የፔርሙሱ ውታፍ አለ፤ እንደ ስኒ የሚያገለግለው ክዳኑ ግን የለም።

«ክዳኑስ?»

«ልጆች ጣሉት።»

«አገርሽ የት ነው?»

«ዓለም ከተማ። እናቴ እዚያ ናት። በየወሩ እጠይቃታለሁ፤ ሽሮ በርበሬውን ታስይዘኛለች።»

ወሰንየለሽ ውኃውን ቀስ ብላ ጠጣች። ስትወጣ ሳጅን ጫኔን ጠርታ፣ «ከዚህ ገንፎ ዱቄት አንድ ከረጢት ውሰድ፤ ደረሰኝ ጻፍላት። ነገ ጧት ሁሉንም መምህሩ ቤት ሰብስብልኝ» አለችው።

*

ዓርብ ጧት በመምህሩ መሥሪያ ክፍል ወይዘሮ ጌታነሽ፣ አቶ ባምላኩና መምህርት ሰርካለም አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሳጅን ጫኔ በሩ ላይ ቆመ። ምድጃው ላይ እሳት ነዷል፤ ሁለት እኩል ድስቶች ተጥደዋል።

«አላስረዝመውም» አለች ወሰንየለሽ። «መምህሩ ከዚያ ኩባያ ጠጥተው እንደሞቱ ከተማው በሙሉ ያምናል። እኔ ግን ኩባያውን ሳየው ሥልባቦት ይዟል። ያ የወተቱ አለኝታ ነው። መምህር መኳንንት በሁዳዴ ወተት ቀመሱ ብሎ የሚያምን አለ?»

«እሱ? ሞቶ ነው!» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ።

«እንግዲህ አልጠጡትም። የጎደለው ተደፍቶ ነው። መርዙ በሌላ ነገር ነው የገባው፤ ኩባያው ከሞቱ በኋላ ዱቄቱ ገደላቸው እንዲባል የተቀመጠ ነው። ማን አስቀመጠው? ወይዘሮ ጌታነሽ የፍስኩን ሣጥን የሚቆልፉት ባለቤታቸው እንዳይቀምሱ ነው። እሳቸው ቢያደርጉት ከሁሉ በፊት የጾሙን ዱቄት ይመርጡ ነበር። ደግሞም ሣጥኑ አልተከፈተም።»

አቶ ባምላኩ መሬት መሬት ያያሉ። ወሰንየለሽ ወደሳቸው ዞረች።

«አቶ ባምላኩ ገብስ እንጂ ወተት የተቀላቀለበት ዱቄት እጃቸው አይገባም። በዚያ ሰዓት የነበሩበትንም አረጋግጫለሁ። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።»

ሰውዬው ትልቅ ትንፋሽ ለቀቁ።

«ሟቹ ምን ጠጡ? ጋቢያቸው ላይ ተልባ ደርቋል። ቤት ውስጥ ተልባ የለም። እሳትም አልነደደም፤ ሥልባቦት ግን በቀዝቃዛ ውኃ አይመጣም። ስለዚህ ተልባውንም፣ ሙቅ ውኃውንም፣ የወተቱን ዱቄትም ይዞ የመጣ ሰው ነበር። የዘጠኝ ሰዓቱ ደወል ሲደወል ለጾመኛ ሽማግሌ የሚወዱትን ተልባ በፔርሙስ ክዳን በጥብጦ የሰጠ ሰው። ተልባ ያሟልጫል፤ ዕቃ ላይ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም። ክዳኑ መጣል ነበረበት።»

ሰርካለም እጆቿን ጭኖቿ መካከል ቀበረች።

«ለምን እንደሆነ ደግሞ ወይዘሮ ጌታነሽ ያሳዩን። በአንደኛው ድስት ከሣጥንዎ የወጣውን፣ በሌላው ከትምህርት ቤቱ የመጣውን ገንፎ ያድርጉት።»

ሴትዮዋ ተነሥተው ነጠላቸውን አደገደጉ። ለአፍታ ሐዘንተኛ መሆናቸውን የረሱ ይመስል ነበር። ዱቄቱን ነሰነሱ፤ አማሰሉ። የመጀመሪያው ድስት ገንፈል አለ፤ እንጨቱን ሳብ ሲያደርጉለት ተኛ። ሁለተኛው ግን እሳቱ ቢቀንስም ከታች እስከ ላይ አረፋ ሞላ፤ አረፋውም አልተኛም። ይንተከተክ ጀመር። ወይዘሮ ጌታነሽ ማማሰያውን አፍንጫቸው አጠገብ አደረጉ።

«ይህ የኔ ዱቄት አይደለም» አሉ። «ይህማ እንደ ሽሮ ነው የሚንተከተከው። እህል ብቻ አይደለም፤ ጥራጥሬ አለበት።» እንደገና አሸተቱና ማማሰያው ከእጃቸው ወደቀ። «ጓያ! ጓያ ነው! የሰው እግር የሚያስር!»

«መምህሩ የወፍጮውን ገብስ መረመሩ፤ ንጹሕ ነው። የቤቱን መረመሩ፤ ንጹሕ ነው። ሦስተኛው ዱቄቱ ከዚህ ወጥቶ የሚሄድበት ቦታ ነው። ናሙና ይዘሽላቸው እንድትመጪ ጠየቁሽ፣ ሰርካለም። እስኪያረጋግጡ ድረስ ስምሽን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።»

ሰርካለም የሚንተከተከውን ድስት አየች።

«በጥቂቱ ነበር የጨመርሁት» አለች። «መጀመሪያ ከአምስት አንድ። ልጆቹ በዙ። ከሰልፉ አጋማሽ ላይ ድስቱ ባዶ ሲሆን ‹የለም፣ ሂዱ› ማለት... አንድ ቀን አልሁ። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ የመጣች ልጅ ነበረች። ቁጭ ብላ ድስቱን በጣቷ ጠረገችው። በዚያ ወር ዓለም ከተማ ስሄድ ጓያ ገዝቼ አስፈጨሁ። እኛ ጋ በክፉ ቀን ይበላል። ጥቂቱ አይጎዳም ብዬ ነበር። ከዚያ እኩል በእኩል ሆነ።»

«ልጆቹ ማንከስ ሲጀምሩስ?»

«ዐወቅሁ። ዐውቄም ማቆም አቃተኝ። ካቆምሁ ይራባሉ፤ ምክንያቱንም እጠየቃለሁ።» ቀና ብላ ወይዘሮ ጌታነሽን አየች። «ናሙናውን አምጪ ሲሉኝ ሁሉም ነገር አለቀ። ‹እውነቱን አብረን ለወላጆቹ እንነግራለን› አሉኝ። አብረን! እነዚያን እናቶች ዐይን ለዐይን እያየሁ... እሳቸው ቢሞቱ፣ ዱቄቱ ቢወነጀል፣ የልጆቹም ነገር በእሱ ይላከካል ብዬ አሰብሁ። ከትምህርት ቤቱ መጋዘን የነቀዙን መድኃኒት ወሰድሁ፤ ተልባው እናቴ ያስያዘችኝ ነው። ኩባያውን ሳዘጋጅ የበጠበጥሁት ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ናሙና ነው። ወተት እንዳለበት ትዝም አላለኝ። ለእኔ ስድስት ወር ሙሉ ዱቄት ማለት የልጆቹ ዱቄት ነው።»

«ተልባውን ሲቀበልሽ ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። ድምፃቸው እንግዳ ነበር።

ሰርካለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ፣ «‹ልጄ፣ አንቺስ በልተሻል?› አሉኝ» አለች።

ወይዘሮ ጌታነሽ ሊመቷት የተነሡ መሰሉ፤ ሳጅን ጫኔ ከበሩ ተንቀሳቀሰ። እሳቸው ግን የጓያውን ድስት በነጠላቸው ይዘው ወደ ውጭ ወጡና ጓሮ አፈሰሱት። ባዶውን ድስት እዚያው ወርውረው፣ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

*

ቅዳሜ ጧት አቶ ባምላኩ ከትምህርት ቤቱ መጋዘን የቀሩትን ከረጢቶች በአህያ አስጭነው ወደ ፖሊስ ጣቢያ አመጡ። ሰኞ ለልጆቹ የሚሆን ገብስ ከየት እንደሚገኝ ማንም አያውቅም ነበር። ሰውዬው የራሳቸውን ጎተራ እንደሚከፍቱ ተናገሩ፤ ለስንት ቀን እንደሚበቃ ሲጠየቁ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ጌታነሽ ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ ከሐዘን ቤት መውጣት ነውር ነው ቢባሉም፣ የፍስኩን ሣጥን አሸክመው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደዋል።

መኪናው ሊነሣ ሲል የትህትና እናት ጥሩሸዋ በመስኮቱ በኩል መጣች። ከኋላ የተቀመጠችውን ሰርካለምን አላየቻትም፤ ወይም ላለማየት መርጣለች።

«ልጄ እግሯ ይመለሳል፣ እመቤት?»

ወሰንየለሽ በሥራዋ ብዙ ጊዜ ዋሽታለች፤ ለወንጀለኛ፣ ለምስክር፣ ለአለቃ። ለዚህች ሴት ግን ጉልበት አጣች።

«ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። የታሰረው አይፈታም ብሎኛል። ከእንግዲህ እንዳይብስባት ግን ከጓያ ይጠብቋት።»

ጥሩሸዋ ነገሩን አሰላስላ ራሷን ነቀነቀችና ሄደች።

መኪናው የሞላሌን ዳገት ጨርሶ ጠጠሩን መንገድ ያዘ። እርሻው ግራና ቀኝ ራቁቱን ነው። ሰርካለም እጆቿ በካቴና ታስረው ለግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። ከዚያ ራሷ ይወዛወዝ ጀመር፤ ቀስ በቀስም ዘንበል ብሎ የኢንስፔክተሯ ትከሻ ላይ አረፈ። ትንፋሿ ወዲያው ከበደ።

ሳጅን ጫኔ ከፊት ዞሮ አየና፣ «ልቀስቅሳት እንዴ?» አለ።

«ተዋት» አለች ወሰንየለሽ። ትከሻዋ ደንዝዞ ነበር፤ ደብረ ብርሃን እስኪገቡ ድረስ ግን አልተንቀሳቀሰችም።